በደሴና በኮምቦልቻ ፈረስና ውሻ ለሚያሳድጉ፦ የመኖ፣ የአያያዝና የርቢ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ኮምቦልቻ ላይ የጋሪ ፈረስ ይዞ ለሚያድር፣ ከኩታበርና ከለጋምቦ ወደ ደሴ ጭነት ለሚያመላልስ፣ ባዝራ ለሚያረባ፣ ግቢውንም በውሻ ለሚያስጠብቅ ሰው የተዘጋጀ ነው። ሁለቱን እንስሳት አንድ ላይ ያነሳኋቸው በብዙ ግቢ አብረው ስለሚኖሩና ጉዳታቸውም ተመሳሳይ ስለሆነ ነው፦ ርካሽ ሆኖ ደጃፍ ላይ የተገኘ መኖ ልኩ ሳይታወቅ ይሰጣቸዋል፤ ልጆቻቸው ማን እጅ እንደሚገቡ ሳይታሰብም ይራባሉ። ስለዚህ መኖና ርቢ ላይ ረዘም አድርጌያለሁ፤ ሌላውን አሳጥሬዋለሁ።

አስቀድሞ ቦታው ይታወቅ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ለእንስሳ ይህ ሁለት የተለያየ አገር ነው። ደሴ ላይ ጠላቱ ብርድና የክረምት ጭቃ ሲሆን፣ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀት፣ ዝንብና ትንኝ ነው። ከደጋ የመጣ ፈረስ ኮምቦልቻ እንደገባ ሙሉ ጭነት አይጫንም፤ ሙቀቱን እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ያህል ቀለል ያለ ሥራ፣ ጠዋትና ወደ ማታ ብቻ ይሥራ።

1. ፈረስ ከመግዛትዎ በፊት

ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ፈረሱን በጠንካራ መሬት ላይ ያስኪዱት፤ ከፊትም ከኋላም ቆመው ይዩት። አንዱ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ጭንቅላቱን ወደ ላይ የሚያነሳ ከሆነ ያ እግሩ አሞታል። ቀጥሎ ኮርቻውን ያስወርዱና የጀርባውን ግራና ቀኝ በመዳፍዎ ጫን ጫን እያደረጉ ይሂዱ። ጀርባውን ዝቅ ካደረገ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ ሕመም አለ። በጥቁር ወይም በዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ የበቀለ ነጭ ጠጉር የድሮ ገጣባ ምልክት ነው፤ ከዳነ ችግር የለውም፣ ግን ቦታው ዳግመኛ በቀላሉ ይላጣል።

ዕድሜውን ከፊት ጥርሱ ያንብቡ። መሃለኞቹ በ2 ዓመት ተኩል፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ ዳረኞቹ በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ። ዳር ላይ ገና ትንሽ ነጭ የወተት ጥርስ የሚታይበት ፈረስ 5 ዓመት አልሞላውም፤ አጥንቱ አልጠናምና ለከባድ ጋሪ አይጠመድ። ሻጩ ምንም ቢል ጥርሱን ይመኑ።

ወሎ ፈረስ የሚከበርበት አገር ነው። ንጉሥ ሚካኤል እንኳ በፈረሳቸው ስም አባ ሻንቆ ተብለው ይጠሩ ነበር። ያ ክብር ቤተሰብ ለሚያበላው የጋሪ ፈረስም ሊደርሰው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

2. ክብደቱን በሜትር ይለኩ

መኖም መድኃኒትም የሚሰጠው በክብደት ስለሆነ ይህን ሳያውቁ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ሚዛን አያስፈልግም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩን ጋማው የሚያልቅበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይያዙና ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን አዙረው ዙሪያውን ይለኩ፤ ትንፋሹን ሲያወጣ ቁጥሩን ያንብቡ። ከዚያ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙ፣ ውጤቱን በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ11,900 ያካፍሉ። ዙሪያው 145 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 135 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 238 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው።

በየወሩ መጨረሻ ይለኩና ይጻፉት። ቁጥሩ እየወረደ ከሆነ መኖው አንሷል፣ ጥርሱ ተበላሽቷል ወይም የሆድ ትል አለበት። ጎድኑ ሲዳሰስ እንጂ በሩቁ ሲታይ የማይቆጠር ከሆነ መልካም ይዞታ ላይ ነው።

3. የፈረስ መኖ፦ ምን፣ ስንት፣ እንዴት

ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ከላይ ለለካነው ፈረስ ይህ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ቢያንስ ሦስት አራተኛው ሣር፣ ድርቆሽ ወይም ጭድ መሆን አለበት። የፈረስ ጨጓራ ለአካሉ ትንሽ ነው፤ የበላውንም ማስመለስ አይችልም። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን ውሎ ማታ አንድ ጆንያ ገብስ የሚደፋለት ፈረስ ቁርጠት ይይዘዋል፣ ይሞታልም። ስለዚህ መኖውን ቢያንስ በሦስት ይክፈሉት፤ ትልቁን ድርሻ ማታ ግርግሙ ውስጥ ይተዉለት፣ ሌሊቱን እያኘከ እንዲያድር።

ድርቆሹን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲታጨድ ይግዙ። እስር ሲፈቱ አረንጓዴነቱ ያልጠፋና መልካም ሽታ ያለው ይሁን። ሲያራግፉት ነጭ አቧራ የሚያቦን ሻጋታ ነው፣ ለፈረስ አይሰጥም። ጭድ ብቻ የሚበላ ፈረስ ውሃ ካነሰው አንጀቱ ላይ ይጠቀጠቅበታል፤ ጭዱን ውሃ ረጨት አድርገው ከድርቆሽ ጋር ይቀላቅሉት። ፌስታልና የገመድ ቁራጭ ሳይለቀሙ አይቅረቡለት፤ ከተማ ውስጥ የሚገኝ ቁርጠት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ገብስ ለሚሠራ ፈረስ ጥሩ ጉልበት ነው። በደቃቁ ከተፈጨው ይልቅ የሚሻለው እንደ ነገሩ ተሰብሮ ወይም ሌሊቱን ተዘፍዝፎ የሚሰጠው ነው። በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ አይበልጥ። ሥራ በሌለበት ቀን፣ ዓርብም ይሁን እሁድ፣ ገብሱን በግማሽ ይቀንሱ፤ ሙሉውን እየበላ ቆሞ የዋለ ፈረስ በማግስቱ ሲጠመድ ጡንቻው ይደርቃል፣ ሽንቱም ቡና ይመስላል።

አሁን እዚህ አገር በርካሽ የሚገኙትን መኖዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ጓያ። በእኛ አካባቢ በብዙ ማሳ ይዘራል፣ የሰውን እግር እንደሚያሽመደምድም ሁሉም ያውቃል። ፈረስ ደግሞ ከበሬ ይልቅ ለጓያ ስስ ነው። በሬው እየበላ ምንም ሳይሆን፣ ፈረሱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ዳገት ሲወጣ ጉሮሮው ይጮህ ይጀምራል፤ የማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ ያወጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። የጉሮሮው ነርቭ ተጎድቶ ነው። የኋላ እግሮቹም ይዝላሉ። መኖው ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ሊታይ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም አይመለስም። ስለዚህ ለፈረስ የጓያ ልክ የሚባል የለም፤ ፍሬውንም፣ ክክ ሲከካ የሚወጣውንም ገለባ አይስጡ።

ፉርሽካ። የዱቄት ፋብሪካ ባለበት ከተማ ሁሉ በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ የጋሪ ፈረስ በእሱ ብቻ ይኖራል። ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ለፈረስ ግን ካልሲየሙ ቢያንስ እኩል፣ ቢቻል እጥፍ መሆን አለበት። የጎደለውን ከራሱ አጥንት እየቀዳ ይሞላል። መጀመሪያ ምክንያቱ የማይታወቅ ማነከስ ይመጣል፣ አንድ ቀን በዚህ እግር ሌላ ቀን በዚያ። ቀጥሎ ሲያኝክ ያመዋል፤ በመጨረሻም ከዓይኑ በታች ያለው የፊቱ አጥንት በሁለቱም በኩል ያብጣል። እጅዎን ከዓይኑ ጥግ ወደ አፍንጫው ያውርዱት፤ ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው ጉብ ያለ ነገር ከዳሰሱ ፉርሽካውን በዚያው ቀን ይቀንሱ። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ፉርሽካ በቀን ከ1 ኪሎ አይለፍ፤ አንድ ኪሎ በሰጡ ቁጥር ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 30 ግራም ያህል ይቀላቅሉ፤ ከተገኘም አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ይጨምሩ። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ግን አፉንና ጉሮሮውን ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይሆንም።

ማሽላ። ቃሉ ወረዳና ኮምቦልቻ ዙሪያ አገዳው የትም አለ። በደንብ የደረቀ የማሽላ አገዳ ከሌላ ድርቆሽ ጋር ቢቀላቀል አይጎዳም። እርጥቡ ግን፣ በተለይ ዝናብ ቆርጦት የቀጨጨውና ከታጨደ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠው፣ መርዝ አለበት። እሱን አዘውትሮ የበላ ፈረስ የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ሽንቱንም መቆጣጠር ያቅተዋል። የሻገተ በቆሎ ደግሞ አእምሮውን የሚጎዳ ሻጋታ ስላለበት በጥቂቱም አይሰጥም።

የቢራ ፋብሪካ ብቅል ዝቃጭ። ለላም ጥሩ ነው። ለፈረስ በዚያው ቀን የወጣ ከሆነ በጥቂቱ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎ እርጥቡን፣ መስጠት ይቻላል። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ በሁለት በሦስት ቀን ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠው ደግሞ የፈረሱን ሆድ ይነፋል። አተላም እንዲሁ።

የዶሮ መኖ። ለሥጋ ዶሮ የሚዘጋጅ መኖ ውስጥ ሞነንሲንና ሳሊኖማይሲን የሚባሉ፣ ኮክሲዲያ የተባለውን የዶሮ አንጀት ተውሳክ የሚከላከሉ መድኃኒቶች ይቀላቀላሉ። ዶሮን የሚጠብቀው ያው መድኃኒት የፈረስን ልብ ያቆማል። ጆንያው ውስጥ የቀረውን እንኳ አይስጡ፤ ዶሮና ፈረስ አንድ ግቢ ካደሩ የዶሮው መኖ ይቆለፍ።

መኖ ሲቀይሩ በአንድ ቀን አይቀይሩ። አዲሱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ያዳርሱት። በበልግና በክረምት መጀመሪያ ለምለም ሣር ላይ ሲለቁትም እንዲሁ በሰዓት እየመጠኑ ይሁን።

ውሃ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር፣ ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ ፈረስ እስከ 40 ሊትር ይደርሳል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሁለት ማለት ነው። በሥራ መሃል ማጠጣት ይጎዳል የሚባለው ልማድ ትክክል አይደለም፤ ጥቂት ጥቂት እያጠጡ ማሠራት ይሻላል። አሞሌ ጨው ግርግሙ አጠገብ ሁልጊዜ ይኑር፣ ሲፈልግ ይልሰዋል።

4. ሥራ፣ ገጣባና ኮቴ

ከሥራ ሲመለስ ኮርቻው ወይም የጋሪው እቃ እንደወረደ ጀርባው ላይ ያለውን ላብ ይመልከቱ። ዙሪያው በሙሉ ረጥቦ በመሃል በመዳፍ ስፋት የደረቀ ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ ኮርቻው ስለሚጫነው ላብ እንኳ አልወጣም። ገጣባ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቆዳው ገና ሳይላጥ ያገኙታልና በማግስቱ ከመጫንዎ በፊት ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ወለባ ያስተካክሉ፤ ደረቁ ቦታ ላይ ክፍት የሚተው፣ ግራና ቀኙ የወፈረ ንጣፍ ያድርጉ። አንድ ጆንያ አጥፎ በዚያው ቦታ ላይ መደራረብ ግፊቱን ያብሰዋል።

ገጣባ ካለ ፈረሱ እስኪድን አይጫንም፣ ሌላ መንገድ የለውም። ቁስሉን አፍልተው ባቀዘቀዙት ውሃ ይጠቡ፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ በጋለ ብረት መተኮስ ቁስሉን ያሰፋል። ቁስል ያለበት ፈረስ በተለይ ለመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የተጋለጠ ስለሆነ ሐኪሙን ስለ ቴታነስ ክትባት ይጠይቁት።

ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ጭነቱ ሁለቱን ጎማ ከሚያገናኘው ብረት (ከአክሱ) በላይ ሚዛኑን ይጠብቅ፤ ሲቆም ዘንጉ የፈረሱን ጀርባ የሚጫን ወይም ሆዱን ወደ ላይ የሚጎትት ከሆነ ጭነቱን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ያንሸራትቱ።

ኮቴውን በየማታው ጫፉ በደነዘዘ እንጨት ያጽዱ፣ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ያስከርክሙ። ደሴ በክረምት ጭቃ ውስጥ ያደረ ፈረስ የኮቴው መሃል ለስላሳው ክፍል ይጠቁራል፣ ይሸታል። መድኃኒቱ ደረቅ ማደሪያ ነው። ጋጣው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፣ ድንጋይ ተነጥፎበት በላዩ ጭድ ይደረግ፣ ፋንድያው በየቀኑ ይውጣ።

5. በሽታ

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ከያዘው ፈረስ አብዛኛውን ይገድላል። የሚያስተላልፈው ትንኝ ስለሆነ ክረምቱ ሲያበቃ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ቆላና ወይናደጋው ላይ ይበረታል። ምልክቱ ትኩሳት፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ማበጥ፣ ከአፍንጫ አረፋ መውጣት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ ትንኙ ከመብዛቱ በፊት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ እንዲከተብ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ወይም ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄደው ያስመዝግቡ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጋጣ ማስገባትም ይረዳል።

ኮምቦልቻን በመሰለ ሞቃት ከተማ በጋሪ ፈረስ ላይ የሚታየው ሌላው ችግር በእግርና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰልፎ የሚወጣ እባጭ ነው። እየፈረጠ መግል ያወጣል። ፈንገስ ነው፣ በቁስልና በዝንብ፣ በኮርቻና በልጓም ይተላለፋል። አንድ ሁለት እባጭ ሲታይ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ ተስፋ አለው። የታመመውን ፈረስ እቃ ለሌላ ፈረስ አያውሱ።

ለከብት መዥገር የሚረጨው አሚትራዝ ለፈረስ አይሆንም፣ አንጀቱን ያቆመዋል። ይህን ከብትና ፈረስ አብሮ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ።

ቁርጠት የያዘው ፈረስ ሆዱን ዞሮ ያያል፣ በእግሩ መሬት ይጭራል፣ ይንከባለላል። መኖውን ያንሱ፣ ውሃ ይተዉለት፣ ቀስ አድርገው ያራምዱት፣ ሐኪም ያስጠሩ። ዘይት ወይም አረቄ በጠርሙስ በግድ ማጠጣት ወደ ሳንባው ስለሚገባ ይገድላል።

6. ባዝራን ማስጠቃት

መጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ፦ ውርንጭላው ሲወለድ የሚያድርበት ጋጣ፣ እናቱ ለአንድ ዓመት ያህል ሥራ ስትቀንስ የሚተካ ገቢ፣ ከጡት ሲወጣም የሚገዛው ወይም የሚያሳድገው ሰው አለ? ሦስቱም ካልተመለሱ አያስጠቁ። ድንጉላውን ሰንጋ ማድረግም የኃላፊነት ሥራ ነው፤ በሐኪም፣ በማደንዘዣ ይሁን።

ባዝራዋ 3 ዓመት ሞልቷት በደንብ የፋፋች፣ ቢሻል 4 ዓመት የሆናት ትሁን። ድንጉላው በጠባዩ ገራም፣ በእግሩ ቀጥ ያለ፣ ከእሷ በቁመት ብዙ የማይበልጥ ይመረጥ። የአባትና የልጅ፣ የእህትና የወንድም ርቢ አይደረግ። ብልቱ ያበጠ፣ ቆዳው ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያለው እብጠት የሚወጣና የሚጠፋ፣ ወይም እየከሳ የኋላ እግሩ የሚዝል ድንጉላ ዱሪን ሊኖርበት ይችላል። ይህ በሽታ በጥቂያ የሚተላለፍና አገራችን ውስጥ፣ በተለይ በአርሲና በባሌ ደጋ፣ በጥናት የታወቀ ነው። ድንጉላ ያለው ሰው ጎረቤት ነው ብሎ መተማመን አይበቃም፣ ሐኪም ይየው።

ባዝራ በየ21 ቀኑ ገደማ ድራት ላይ ትሆናለች፣ ማለትም ወንድ ትፈልጋለች፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ጭራዋን ታነሳለች፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ ድንጉላውን አትራገጥም። እንቁላሉ የሚለቀቀው ድራቱ ሊያበቃ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ስለሆነ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እየዘለሉ ማስጠቃት ይመረጣል። የተጠቃችበትን ቀን ይጻፉ። እርግዝናው 340 ቀን ያህል ነው፤ ጥቅምት 1 የተጠቃች ባዝራ መስከረም መጀመሪያ ሳምንት ላይ ትወልዳለች። ለደሴ ዙሪያ ይህን ወቅት እመርጣለሁ፦ የክረምቱ ቁር ወጥቷል፣ ሣሩ ግን ገና ለምለም ነው፣ ወተቷም ይሞላል።

እርግዝናው በገፋ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት መኖዋን በጥቂቱ እያሳደጉ፣ ጭነቱን እየቀነሱ ይሂዱ፤ የመጨረሻውን ወር ከጋሪ ትፈታ። ጡቷ ጫፍ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ሲታይ ምጡ ቀርቧል። ብዙውን ጊዜ ሌሊት ትወልዳለች። ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ውስጥ ውርንጭላው ካልወጣ አይጠብቁ፣ ሐኪም ይጥሩ፤ የፈረስ ምጥ እንደ ላም አይቆይም።

ከተወለደ በኋላ ሰዓት ይያዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠባል፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ የእንግዴ ልጁ ይወጣል። የእንግዴ ልጁ ከቆየ አይጎትቱት። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ይጥባ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ አንጀቱ የእንገሩን መከላከያ መውሰድ ያቆማል። እንገር አሮጌ ወተት ነው እያሉ አልበው የሚደፉ አሉ፤ ውርንጭላውን መግደል ነው። እምብርቱን በአዮዲን ይንከሩ።

ከአህያ የተጠቃች ባዝራ በቅሎ ስትወልድ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። አንዳንዴ የእናቲቱ እንገር የግልገሉን ደም ያፈርሳል። በቅሎው ጠብቶ ሲያበቃ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከደከመ፣ ድዱም ቢጫ ከሆነ ወዲያው ከጡት ይለዩትና ሐኪም ይጥሩ።

ጡት ማስጣያው ከ5 እስከ 6 ወር ነው።

7. የውሻ ምግብ

እዚህ አገር ውሻ የሚበላው ከገበታ የተረፈውን ነው፣ ገበታው ደግሞ ወጥ ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰለም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በውሻው ክብደት ለአንድ ኪሎ 15 ግራም ያህል ሲደርስ ጉዳቱ ይጀምራል፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ድዱ የነጣና ሽንቱ የቀላ ውሻ ካለዎት መጀመሪያ ምን እንደበላ ይጠይቁ። ባዶ እንጀራ አይጎዳም፤ ወጥ የነካው ግን ይቅር። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና የቡና አተላም አይሰጡም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ታዲያ ምን ይብላ? 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል የበሰለ ምግብ በሁለት ተከፍሎ ይበቃል፦ ግማሹ ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ፣ ጨጓራ ወይም እንቁላል፣ ግማሹ ሩዝ ወይም ገንፎ፣ ትንሽ ካሮት። ውሃ ሁልጊዜ ይኑር።

በአረፋና በፋሲካ ሁሉም ግቢ ያርዳል። የበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ሲታይ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። እዚያ ፊኛ ውስጥ የትል ዘር አለ። ውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፤ በእጅና በአትክልት ወደ ልጆች ይመለሳል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ፊኛ ይሠራል። እንዲህ ያለውን ክፍል ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ሁሉ ለ30 ደቂቃ ይቀቀል። ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ሐኪም በሚያዘው ልክ በየሦስት ወሩ ይስጡ። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ግን በግምት ለውሻ አይውጉ፣ ትንሽ መብለጡ ይገድለዋል።

ማደሪያው ከቤት ውጭ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከደሴ ነፋስ የተከለለ ይሁን። ስለ ምራቁ ጥንቃቄ ለሚያደርግ ሙስሊም ቤተሰብ የውሻውን ዕቃና ቦታ ለይቶ ማኖርና እጅ መታጠብ ከጤናው ምክር ጋር አንድ ነው። ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱን ሁላችንም ሰምተን ያደግነው ነው፤ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ፀሐይ ላይ የሚውል ውሻ ይህን ያስታውሰን። ኃይለኛ ይሆናል ብሎ የቡችላ ጆሮ መቁረጥ ሥቃይና ቁስል እንጂ ሌላ የሚጨምረው የለም።

8. የውሻ ርቢ

ሴት ውሻ በየስድስት ወሩ ገደማ ድራት ላይ ትሆናለች። የመጀመሪያዎቹን 9 ቀናት ያህል ትደማለች፣ ወንድ አታስጠጋም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 9 ቀናት ያህል የምትፀንስባቸው ናቸው። እንዳትወልድ ከፈለጉ ሦስት ሳምንት ሙሉ በር ተዘግቶባት ትቆይ፤ አጥር ዘሎ የማይገባ ወንድ ውሻ የለም። ከሁሉ የሚሻለው ማምከን ነው። ሴት ቡችላ አልፈልግም እያሉ መንገድ ላይ የሚጥሉ ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት የሚያማርሩበትን የጎዳና ውሻ እያራቡ ነው።

የሚያራቡ ከሆነ ሁለት ዓመት ገደማ የሞላት፣ የተከተበች፣ የትል መድኃኒት የወሰደች ትሁን። ሲገናኙ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ተቆላልፈው ይቆያሉ። በድንጋይ፣ በዱላ ወይም በፈላ ውሃ ለማለያየት መሞከር ሁለቱንም ይጎዳቸዋል፤ የሰፈሩን ልጆች ያርቁ፣ በራሳቸው ይላቀቃሉ። እርግዝናው 63 ቀን ነው፤ ጥር 1 የፀነሰች መጋቢት 4 አካባቢ ትወልዳለች።

ቡችሎች በመጀመሪያው ሳምንት የራሳቸውን ሙቀት አይጠብቁም። ደሴ ሌሊት በብርድ ብቻ ይሞታሉ። ጎኑ ከፍ ያለ ሣጥን፣ ደረቅ ጨርቅ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ያዘጋጁ። ዓይናቸው ከ10 እስከ 14 ቀን ይከፈታል፤ የትል መድኃኒት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ለስላሳ ምግብ ከ4ኛው ሳምንት። የምታጠባ እናት ስትንቀጠቀጥና ስትደርቅ ካዩ ካልሲየሟ አልቋልና በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ለሰው አይሰጥም፤ የወሰደውም ሰው ማን እንደሆነ ይመዝገብ፣ ማሳደግ ሲያቅተው ለእርስዎ እንዲመልስ ይስማሙ።

9. የእብድ ውሻ በሽታና ንክሻ

ውሻ በ3 ወሩ ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ። ሰርተፊኬቱን ያስቀምጡ። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት በሽታዎች ቡችሎችን በብዛት የሚጨርሱ ስለሆኑ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆናቸው ስለ ክትባታቸው ክሊኒክ ይጠይቁ።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፣ አይስፉት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ፀበሉም ዱዓውም ከክትባቱ ጋር ይሁን እንጂ በክትባቱ ቦታ አይሁን፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ውሻውን ወዲያው ገድለው አይቅበሩት፤ ያለ አደጋ ማሰር ከተቻለ ለ10 ቀን ይታይ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም፤ የተነከሰው ሰው ግን ክትባቱን 10 ቀን ሳይጠብቅ ይጀምራል፣ ማቆሙን ሐኪሙ ይወስናል።

ያው ውሻ ፈረሱንም ነክሶ ሊሆን ይችላል። ፈረስ ሲያብድ ቁርጠት የያዘው፣ ጉሮሮው የታነቀ ወይም እግሩ የዛለ ሊመስል ይችላል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ውሃ አይዋጥለትም። ምን ገባበት ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አይስደዱ። ለብቻው ያስሩት፣ ልጆችን ያርቁ፣ ሐኪሙ ሲመጣ ባለፉት ወራት ግቢ ውስጥ የገባ እንግዳ ውሻ እንደነበረ ይንገሩት።